ባዶ ሃይላንድ፣ የተረፈ ሊጥ፣ የሚያዝያ ፀሐይ፦ ለትናንሽ ልጆች የሳይንስ ሙከራ

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ፣ ልብስ ከሚሰጣበት ሽቦ ሥር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰፈሩ ልጆች ጋር እንቀመጣለን። ትልቁ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ትንሿ ገና ኬጂ አልጨረሰችም። አንድ ቅዳሜ ብርጭቆ ውስጥ ቤኪንግ ፓውደር ጨምሬ ሎሚ ጨመቅሁበት። ተንቸፈቸፈ፣ አረፋው ገንፍሎ ፈሰሰ፣ ልጆቹ ጮኹ። እኔም ኮራ ብዬ «አያችሁ? ሎሚው ኮምጣጣ ስለሆነ ነው ያስገነፈለው» አልኳቸው። ይሄኔ አንዷ ከምትጠጣው ውሃ ትንሽ ቀንሳ በተረፈው ዱቄት ላይ ጠብ አደረገችበት። እሱም አረፋ ደፈቀ። «ቲቸር፣ ውሃም ኮምጣጣ ነው እንዴ?»

መልስ አልነበረኝም። ማታ ቤት ገብቼ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ሳነብ ነው የገባኝ። ቤኪንግ ፓውደር ሶዳ ብቻ አይደለም። አብሮት በደረቁ የተቀላቀለ አሲድ አለ። ሁለቱ ደረቅ እስከሆኑ ድረስ ጎን ለጎን ዝም ብለው ይተኛሉ፤ ውሃ ሲነካቸው ይዋሃዱና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ይለቃሉ። ኬክ የሚነፋውም በዚሁ ነው። ያለ አሲድ ብቻውን የሚሸጠው ቤኪንግ ሶዳ ግን ውሃ ቢፈስበት ዝም ነው፤ ሎሚ ወይም አቼቶ ሲያገኝ ብቻ ይነሣል። በሚቀጥለው ቅዳሜ አራት ብርጭቆ ደረደርን፦ ሶዳ በውሃ፣ ሶዳ በሎሚ፣ ፓውደር በውሃ፣ ፓውደር በሎሚ። ከአራቱ ዝም ያለው አንዱ ብቻ ነበር። ያን ቀን የተማርነው ካለፈው ቅዳሜ ጩኸት ሁሉ ይበልጣል።

ልጅቷ ሳታውቀው የሠራችው የሳይንስን ዋና ነገር ነው። እኔ «ሎሚው ነው» አልኩ፤ እሷ ሎሚውን አውጥታ ሌላውን እንዳለ ተወችውና ምን እንደሚሆን አየች። አንዱን ብቻ መለወጥ፣ የቀረውን አለመንካት። እኔ ያሳየኋቸው ትርኢት ነበር፤ ሙከራ ያደረገችው እሷ ናት። ለትናንሽ ልጆች «ሙከራ» እየተባለ የሚቀርበው አብዛኛው ነገር፣ በተለይ ያ አረፋ የሚተፋው የጭቃ እሳተ ገሞራ፣ ትርኢት ነው። ትርኢት አይጠላም፣ ልጅን ይጠራል። ልጁ አስቀድሞ ካልገመተ ግን ከጭብጨባው በኋላ የሚቀረው ነገር የለም።

ስለዚህ ምንም ከመጀመራችን በፊት ግምት እንሰበስባለን። መጻፍ ለማይችል ልጅ ግምት ማለት ባቄላ ነው። ሁለት ኩባያ ይቀመጣል፤ «ይሰምጣል» የሚል በአንዱ፣ «ይንሳፈፋል» የሚል በሌላው አንድ አንድ ባቄላ ይጥላል። ይህን ያመጣሁት ተቸግሬ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ውጤቱን ካየ በኋላ «እኔም እኮ እንደዛ ብዬ ነበር» ማለቱ አይቀርም፤ የሚዋሽም አይመስለውም። ባቄላው ግን ኩባያው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ብዙ ባቄላ የገባበት ኩባያ የተሳሳተ ለታ ነው ጥያቄው የሚበዛው።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው የሃይላንዱ ሙከራ ነው። ባዶ የውሃ ፕላስቲክ የሌለበት ቤት የለም። ለብ ካለው ትንሽ ከፍ ያለ፣ እጅ የሚችለው ውሃ እስከ ሩቡ ይጨመራል፤ የፈላ ከሆነ ፕላስቲኩ ይኮማተራል፣ ልጅም ያቃጥላል። ይናጣል፣ ውሃው ይደፋል፣ ክዳኑ ወዲያው ጥርቅም ተደርጎ ይዘጋል። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስበት ሃይላንዱ ጭርርር እያለ ይጨማደዳል። ማንም አልነካውም። «ማን ጨመቀው?» ስላቸው ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ውስጡ ያለው አየር ሳበው» ይላሉ። ትልልቆቹም እንደዚያ ነው የሚሉት፤ አማርኛችንም ወደዚያ ያዘነብላል፣ ለስላሳ በስትሮ «እንስባለን» እንል የለ።

አየር ግን አይስብም፤ ይገፋል እንጂ። ሃይላንዱ ሲዘጋ ውስጡ ሞቃት አየርና እንፋሎት ነበር። ሲበርድ እንፋሎቱ ወደ ጠብታ ተመለሰ፣ አየሩም ግፊቱ ቀነሰ። ውጭ ያለው አየር ግን እንደ ወትሮው መግፋቱን ቀጠለ፤ ከውስጥ በእኩል የሚመልስለት ስላጣ ፕላስቲኩን ጨፈለቀው። ከላያችን እስከ ሰማይ ጥግ የተቆለለ አየር አለ፤ ክብደትም አለው። ባህር ዳርቻ ላይ በእያንዳንዷ ካሬ ሴንቲሜትር 1 ኪሎ ገደማ ይጫናል። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ላይ ስለተቀመጠች የቁልሉን የታች ክፍል ከእግራችን ሥር ትተነዋል፤ እዚህ የሚጫነን የዚያ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም። የልጅ መዳፍ 50 ካሬ ሴንቲሜትር ቢሆን ወደ 38 ኪሎ ይደርሳል። 38 ኪሎ ጤፍ መዳፉ ላይ ተቀምጦ የማይሰማው ለምንድን ነው? ከመዳፉ ሥር ያለው አየርም በዚያው ልክ ወደ ላይ ስለሚገፋ፣ ሰውነቱም ከውስጥ ስለሚመልስ ነው። ሃይላንዱን ያጋለጠው ከውስጥ የሚመልስለት ማጣቱ ነው።

ዳገትና ቁልቁለት ያለበት ከተማ ዳር መኖር እዚህ ላይ ይጠቅማል። እንጦጦ አናት ላይ ባዶ ሃይላንድ ዝጉና ታክሲ ይዛችሁ አቃቂ ውረዱ፤ ሙቅ ውሃ ሳያስፈልግ ጎኑ ገባ ብሎ ታገኙታላችሁ። ወደ አዳማ የሚሄድ ዘመድ ካለም እዚህ ዘግቶ ይውሰደው። በተቃራኒው ደግሞ ከቆላ የመጣ የቺፕስ ከረጢት እዚህ ሲደርስ እንደ ፊኛ ተወጥሮ የምናየው በዚሁ ምክንያት ነው። ልጆቹ ይህን ከሰሙ ወዲህ ሱቅ ሄደው ከረጢት መጫን ልማድ አድርገውታል፤ ባለሱቁ አልወደደልኝም።

ሽምብራ ለምን ቶሎ አይበስልልንም ለሚሉ እናቶችም መልሱ እዚሁ አለ። አየሩ ሲሳሳ ውሃ በቀላሉ ይፈላል፤ ባህር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው አዲስ አበባ ላይ 92 ገደማ ላይ ይንተከተካል። እሳቱን ብታበዙት እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ውሃው ከዚያ በላይ አይሞቅም።

ሃይላንዱን የተረዳ ልጅ ሻማውን ለማየት ዝግጁ ነው። ሻማውን ሁላችንም ትምህርት ቤት አይተነዋል፦ ሳህን ላይ ውሃ፣ መሃሉ ላይ የሚነድ ሻማ፣ ከላዩ የተደፋ ብርጭቆ። ሻማው ይጠፋል፣ ውሃው ወደ ብርጭቆው ውስጥ ይወጣል። የተነገረንም «እሳቱ ኦክስጅኑን ስለበላው ውሃው ባዶ ቦታውን ሞላ» ነበር። እኔም ለዓመታት ይህንኑ አስተምሬአለሁ። ስህተት ነው፣ ወይም ቢበዛ የእውነቱ ትንሽ ቁራጭ ነው።

ስህተትነቱን ደግሞ ልጆች ራሳቸው ሊያዩት ይችላሉ። አንደኛ፣ ውሃው መቼ ነው የሚወጣው? ኦክስጅን እየተበላ ከሆነ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ እያለ መውጣት ነበረበት። አተኩራችሁ ተመልከቱ፤ ሽቅብ የሚለው በአብዛኛው ነበልባሉ ሊጠፋ ሲልና ከጠፋ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ ብርጭቆው እንደተደፋ ከንፈሩ አካባቢ አረፋ ቡልቅ ሲል ታያላችሁ፤ ከውስጥ የወጣ አየር ነው። ሦስተኛውን ልጆቹ በጣም ይወዱታል፦ በአንድ ሻማ ፈንታ ሦስት አድርጉ። ብርጭቆው ያው፣ ኦክስጅኑም ያው፤ ውሃው ግን አሁን ከፍ ብሎ ይወጣል። ሻማ ሲጨመር ኦክስጅን አልተጨመረም፤ የተጨመረው ሙቀት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነበልባሉ አየሩን ያሞቀዋል፤ የሞቀ አየር ይሰፋና ከፊሉ አምልጦ ይወጣል። እሳቱ ሲጠፋ የቀረው ይበርዳል፣ ይኮማተራል፤ በቃጠሎው የተፈጠረው እንፋሎትም ወደ ጠብታ ይመለሳል። ያን ጊዜ ውጭ ያለው አየር ሳህኑ ላይ ያለውን ውሃ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ሃይላንዱን የጨመቀው እጅ ራሱ ነው። ኦክስጅኑም ቢሆን ተሟጦ አያልቅም፤ ከአየሩ 21 ከመቶ ያህል ነው፣ ሻማው ግን ብዙው ሳይነካ ይጠፋል። የተቃጠለውም ቦታውን ለካርቦን ዳይኦክሳይድና ለእንፋሎት ይለቃል እንጂ ባዶ ጉድጓድ ትቶ አይሄድም።

ክብሪቱን የሚጭረው አዋቂ ነው፣ ይህ አይለወጥም። ጧፍ ቶሎ ስለሚዘም አጭርና ወፍራም ሻማ ይሻላል። ስለ አደጋ ካነሣን ይችን ልብ በሉ፦ በረኪናን ከሎሚም ሆነ ከአቼቶ ጋር በፍጹም አታገናኙ፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። አረፋ ያየ ልጅ ቤት ሄዶ ያገኘውን ሁሉ መቀላቀል ያምረዋል። ስለዚህ በረኪናው ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ፣ ለወላጅም ይነገር። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭም ወዲያው ይለቀም፤ ትንሾቹ አፋቸው ውስጥ ይከቱታል።

ፊኛን ካነሣሁ ሊጡን ልንገራችሁ። እዚህ ላይ ባለሙያዎቹ እናቶች ናቸው፤ እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ። ሦስት ሃይላንድ ወስደን በእያንዳንዱ እስከ ሩቡ ድረስ እርሾ የገባበት ቀጭን የጤፍ ሊጥ ከአንድ ማንኪያ ስኳር ጋር እንጨምራለን፣ አፋቸው ላይ ፊኛ እንለብጣለን። አንዱ ምድጃ አጠገብ ሙቀት ባለበት ይቀመጣል፣ አንዱ በረንዳ ላይ ብርዱ ውስጥ። የሦስተኛው ሊጥ ግን ቀድሞ እንደ አብሲት እሳት ላይ ይንተከተክና ፍጹም በርዶ ይገባል፤ ሳይበርድ ከዘጋችሁት የሃይላንዱን ነገር ታዩና ሙከራው ይምታታባችኋል። በማግስቱ ሙቀት ያገኘው ፊኛ ቀና ብሎ ቆሟል፣ የበረንዳው ገና ዘንበል እንዳለ ነው፣ አብሲቱ ግን ተኝቷል። ልጆቹ የሚገምቱት ብዙውን ጊዜ የተቀቀለው ይበልጣል ብለው ነው፤ ሙቀት አግኝቷል እኮ!

እርሾ ሕይወት አለው። በዓይን የማይታዩ እልፍ ፍጥረታት ሊጡ ውስጥ ያለውን ስኳር እየተመገቡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳሉ፤ ያው ከቤኪንግ ፓውደሩ የወጣው ጋዝ ነው። ለብ ያለ ቦታ ያፈጥናቸዋል፣ ብርድ ያዘገያቸዋል፣ እሳት ይገድላቸዋል። ክረምት ላይ ሊጥ አልቦካ ብሎ የሚያስመርረን ለዚህ ነው። ታዲያ የተቀቀለውን አብሲት መልሰን ሊጡ ላይ የምንጨምረው ለምንድን ነው? የተቀቀለ ስታርች ለነዚህ ፍጥረታት ለመመገብ ይቀላል፤ ሊጡንም ያያይዘዋል። የእንጀራ ዓይን ደግሞ የጋዙ መውጫ ነው። ሊጡ የጋለ ምጣድ ላይ ሲያርፍ ጋዙና እንፋሎቱ ከሥር ሽቅብ እየበሱ ይወጣሉ፤ ሊጡ በዚያው ቅጽበት ስለሚረጋ ቀዳዳው ክፍት ይቀራል። ጤፍ እንደ ስንዴ ጋዝን አፍኖ የሚይዝ ግሉተን የለውም፤ ስለዚህ እንደ ዳቦ አይነፋም፣ ዓይን ያወጣል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የሊጥ ሃይላንድ በፊኛ እንጂ በክዳን አይዘጋ። አንዴ ረስቼ ዘግቼው ያደረ ጊዜ ኮርኒሱን ማጽዳት ነበረብኝ።

ባቄላ በጥጥ ማብቀልን የማያውቅ የለም፤ ቤት ውስጥ በቆልት ወይም ብቅል ያየ ልጅ ደግሞ ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከበቀሉት ግማሹን ቁምሳጥን ውስጥ ጨለማ ላይ፣ ግማሹን መስኮት ላይ አስቀምጡ፤ ሁለቱም እኩል ውሃ ያግኙ። «ጨለማ ያለው ያጥራል» ይላሉ ሁሉም። ከሳምንት በኋላ ሲከፈት የጨለማው ከመስኮቱ ረዝሞ ይገኛል፤ ነገር ግን ቢጫ፣ ቀጭን፣ መቆም ያቃተው ነው። ብርሃን ፍለጋ ከፍሬው ውስጥ ያለችውን ስንቅ ሁሉ በቁመት ጨርሷታል።

የመስመጥና የመንሳፈፍ ነገር ደግሞ እንቁላል ሳያስፈልግ በድንች ይሠራል። የድንች ቁራጭ ንጹህ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል፤ በአንድ ብርጭቆ ውሃ 2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ ጨው ከሟሟ ይንሳፈፋል። «ከባድ ስለሆነ ነው የሰመጠው» የሚል ካለ የድንቹን ኩርማን ቁራጭ ስጡት፤ እሷም ትሰምጣለች። ትልቅ እንጨት ደግሞ ይንሳፈፋል። ቁም ነገሩ ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ነገሩ ከራሱ እኩል ስፍራ ከሚይዝ ውሃ መክበዱ ወይም መቅለሉ ነው፤ ጨው ደግሞ ውሃውን ያከብደዋል። አሞሌ ከሚቆረጥበት ከአፋር ጨው ሐይቅ የገባ ሰው መስመጥ የሚያቅተው ለዚህ ነው።

የመጨረሻው ሙከራ ዕቃ አይፈልግም፣ ቀን ይፈልጋል። አንድ ሜትር በትር ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ፤ ቀጥ ማለቱን ክር ላይ በታሰረ ጠጠር አረጋግጡ። በየወሩ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት አድርጉ። እኩለ ቀን ስል 6 ሰዓት ማለቴ አይደለም። የአገራችን ሰዓት የተቃኘው በምሥራቅ፣ በሶማሌ ክልል በኩል በሚያልፍ መስመር ነው፤ ፀሐይ ከዚያ እኛ ዘንድ ለመድረስ 25 ደቂቃ ገደማ ይፈጅባታል። ጥላ በጣም የሚያጥረው እንግዲህ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፣ እንደ ወሩ ጥቂት ወዲህ ወዲያ ይላል። ታኅሣሥ 12 ላይ የአንድ ሜትር በትር ጥላ ወደ ሰሜን 64 ሴንቲሜትር ይረዝማል። ሰኔ 14 ላይ ደግሞ 26 ሴንቲሜትር ሆኖ ወደ ደቡብ ይዞራል! ጥላ ሁልጊዜ በአንድ በኩል የሚወድቅ የሚመስለን ብዙ ነን።

በሁለቱ መሃል ፀሐይ በትክክል በአናታችን ላይ የምታልፍበት ቀን አለ። አዲስ አበባ ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ ይሆናል፤ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 24 አካባቢ። ነሐሴን ለደመና ተዉት። ሚያዝያ ላይ 6 ሰዓት ከ25 ሲሆን ቀጥ ብሎ የቆመው በትር ጥላ ቢስ ይሆናል፤ ስድብ አይደለም፣ እውነቱ ነው።

ባለፈው ሚያዝያ ያቺ ውሃ የጨመረችው ልጅ በትሩን ዞራ ዞራ ጥላ አጣችና «በየቦታው እንደዚህ ነው?» አለች። ከ2,200 ዓመት በፊት ግብፅ ውስጥ የነበረው ኤራቶስቴንስ የተባለው ሊቅ የጠየቀው ይህንኑ ነው። በአስዋን ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን እስክንድርያ ላይ ጥላ መኖሩን አይቶ፣ ከዚያ ልዩነት የምድርን ዙሪያ አሰላ። አያቷ ባሕር ዳር ናቸው፤ ወደ ሰሜን ብቻ ሲቆጠር ከእኛ 285 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስልክ ደወልን። እዚያ እኩለ ቀን 5 ደቂቃ ስለሚዘገይ 6 ሰዓት ተኩል እንዲሆን ጠበቅን። አያቷ መጀመሪያ ሳቁ፣ «እኔ ጥላ ልለካ?» አሉ። ከዚያ ምርኩዛቸውን ደጃፍ ላይ አቁመው አጎነበሱ መሰለኝ፣ ድምፃቸው ራቀ።

«ሁለት ጣት ይሆናል፣ ልጄ። ወደ ሐይቁ በኩል።»